ፈረስና ፈረሰኛ በእነዋሪ ደጋ

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ እነዋሪ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሰሜን ሸዋ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ሜዳው ዳሩ ላይ ተቆርጦ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። በቀድሞው ሸዋ እንዲህ ያለ አገር የጋማ ከብትን ሥራ ለይቶ ነበር፤ ገደል ለሚወጣና ለሚወርድ መንገደኛ በቅሎ፣ ለሜዳ፣ ለጦርነትና ለጨዋታ ፈረስ። መኳንንት ሲዘምቱም በበቅሎ ተቀምጠው ፈረሳቸውን ባዶውን ያስስቡ ነበር፤ ጉልበቱ ለውጊያ እንዲተርፍ ነው።

ፈረስ የስም ምንጭም ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ «አባ ዲና»፣ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ የነበረው በፈረስ ስማቸው ነው።

ፈረሰኛው ከመውጣቱ በፊት ዕቃውን ይፈትሻል። ኮርቻው ፊትና ኋላው ከፍ ያለ፣ በቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከተጨማደደ ፈረሱ ይገጠባል፤ በሆዱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ከላላ ኮርቻው ከነጋላቢው ይዞራል። የጥንቱ እርካብ ጠባብ በመሆኑ ባዶ እግሩን የሚጋልበው ሰው የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። የአገሩ ልጓም አፍ ስለሚጎዳ ጥሩ ፈረሰኛ ዛቡን አለስልሶ ይይዛል።

ቀጥሎ መሬቱ ይታያል። የጅሩ ዋልካ በክረምት ያሰምጣል፤ በበጋ ደግሞ ሰኮና የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ መጋለብ የሚያምረው ሣር በለበሰ መስክ ላይ ነው፤ እርሻ ላይ በእርምጃ ይኬዳል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ወርዶ መሳብ ይሻላል። ፈረሱም በእርምጃ ተፍታቶ ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያ ወደ ሽምጥ ግልቢያ ይሸጋገራል።

ይህ ሁሉ ችሎታ የሚፈተነው በጉግስ ነው። በጥምቀትና በሌሎች በዓላት ፈረሰኞች ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ሲሸሽ ሌላው እያባረረ ቀላል ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። አንድ እጅ በዘንግ፣ ሌላው በጋሻና በዛብ ስለሚያዝ ፈረሱ የሚመራው በአብዛኛው በጭንና በሰውነት ሚዛን ነው። ጨዋታው ለጦር ሜዳ መለማመጃ የሆነውም ለዚህ ነው።

መኪናና ዘመናዊ ጦር ከመጡ ወዲህ ፈረስ ከዘመቻ ወጥቶ በጋሪ፣ በገበያ መንገድና በበዓል ቀርቷል። በአማራ ክልል ልማዱን በማኅበር ጠብቀው ካቆዩት መካከል በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ይገኛል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። የሰሜን ሸዋ ደጋም ሜዳውም ፈረሱም ስላለው የአባቶቹን የግልቢያ ጥበብ ለልጆቹ ማውረስ ይችላል፤ ይገባዋልም።