ታንኳ፦ የጣና አሳ አጥማጆች ጀልባና ደኅንነቱ

ታንኳ በጣና ሐይቅ ለአሳ ማጥመጃና ለዕቃ ማጓጓዣ የሚያገለግል፣ ከደረቀ ደንገል ታስሮ የሚሠራ ቀላል ጀልባ ነው። ታንኳ በመሥራት ሙያ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በተለይ ይታወቃል።

ታንኳውን የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ጀልባው ይከብዳል፣ ወደ ውኃውም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ማሰሪያው የላላ ወይም ደንገሉ የበሰበሰ ታንኳ ለሐይቅ አይበቃም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ገላጣ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን በቀላሉ ይገለብጣል። ሰማዩ ሲጠቁር መረብን ትቶ ወደ ዳር መቅዘፍ ሕይወት ያድናል።

ሌላው አደጋ ጉማሬ ነው፤ በተለይ ግልገል ካላት እናት መራቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ የታወቀው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም መቅዘፊያንና መረብን ይይዛል።

ከባዱን መረብ ቆሞ መጎተት ሚዛን ያስታል፤ ተቀምጦ መሳብ ይሻላል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከመነሻው ይለበሳል። ታንኳው ቢገለበጥ ሩቅ ወዳለው ዳር ከመዋኘት ይልቅ እሱኑ ይዞ እርዳታ መጥራት ይመረጣል።