መደቡን ማን ይፈቅዳል? የህንድ ድጎማ ተቀባይ የግል ትምህርት ቤቶችና የመምህራን ቅጥር ክርክር

በእኛ አገር የግል ትምህርት ቤት ለመምህሩ ደመወዝ የሚከፍለው በአብዛኛው ከወላጅ ከሚሰበስበው ክፍያ ስለሆነ፣ ስንት መምህር ልቅጠር ብሎ የመንግሥት ደጅ አይጠናም። በህንድ ግን አስተዳደሩ የግል፣ ደመወዙ የመንግሥት የሆነ ሰፊ ዘርፍ አለ። መምህሩን ባለቤቱ ይቀጥራል፤ መንግሥት ደመወዙን የሚከፍለው ግን የሥራ መደቡ የጸደቀ ከሆነ ብቻ ነው። ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የህንዷ የኬረላ ክልል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው የትምህርት ረቂቅ ሕግ በፕሬዚዳንቱ በኩል ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አስተያየት ተመርቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1958 በሰጠው አስተያየት፣ መንግሥት ለድጎማው ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሆኖም ቅድመ ሁኔታው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ለአናሳ ማኅበረሰቦች የሰጠውን ትምህርት ቤት የማቋቋምና የማስተዳደር መብት ባዶ ማስቀረት የለበትም አለ። በ1959 የወጣው ደንብ ደግሞ የመደብን ቁጥር ከተማሪ ቁጥር ጋር አሰረው። ትምህርት በተከፈተ በስድስተኛው የሥራ ቀን ተማሪ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከወረደ አንድ ክፍል ይታጠፋል፤ መደቡም አብሮ ይታጠፋል። የአንድ መምህር የዓመት እንጀራ በዚያች ዕለት በሚገኙ ጥቂት ልጆች ላይ ሲንጠለጠል ቆጠራው ራሱ የክስ ምክንያት ቢሆን አይገርምም።

በኡታር ፕራዴሽ ክልል ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። የ1971ዱ የደመወዝ ክፍያ ሕግ አንቀጽ 9 ያለ ትምህርት ዳይሬክተሩ ቅድመ ፈቃድ አዲስ መደብ መፍጠርን ይከለክላል። ትምህርት ቤት አንድ አዲስ የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምር ዕውቅና ሲያገኝ «ትምህርቱን የፈቀደ መምህሩንም ፈቅዷል» ብሎ ይሟገታል። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሙሉ ችሎት ይህን አልተቀበለም፦ ዕውቅና ሌላ፣ መደብ ሌላ። የሕጉ ቃል ግልጽ በመሆኑ ትርጓሜው ትክክል ነው። ውጤቱ ግን መምህር የሌለው ትምህርት ነው።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ድምፅ አንድ አይደለም። በ2000 የቻንዲጋር አስተዳደር በድጎማ ተቀባይ ትምህርት ቤት ያሉ መደቦችን በድጎማው እንዲያቅፍ ሲታዘዝ፣ የገንዘብ እጥረት ከኃላፊነት አያድንም ተባለ። በ2021 ደግሞ በኡታር ፕራዴሽ የተላላኪና የጽዳት ዓይነት መደቦች በሦስተኛ ወገን አቅራቢ እንዲሸፈኑ ያዘዘው ደንብ ጸና፤ ድጎማ መሠረታዊ መብት አይደለም፣ ቅድመ ሁኔታውን ያልወደደ ተቋም ድጎማውን መተው ይችላል ተባለ። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ የመጀመሪያው አስቀድሞ በድጎማ ውስጥ ስለገባ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ስለ ድጎማው ሁኔታዎች ነው። «ድጎማውን ተወው» የሚለው ምክር ግን ለባለቤቱ እንጂ ለተቀጣሪው የሚጠቅም አይደለም። የድጎማው ውል ወገኖች መንግሥትና ባለቤቱ ናቸው፤ ያለ ደመወዝ የሚቀመጠው ግን መምህሩ ነው።

ፍርድ ቤቶች በተደጋጋሚ የሚሰጡት ትእዛዝም «ማመልከቻውን መርምራችሁ ወስኑ» የሚል በመሆኑ ጉዳዩ ዝም ወዳለው ባለሥልጣን ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ የክልል ሕግ አውጪዎች ለመደብ ጥያቄ የመልስ ቀነ ገደብ ሊያስቀምጡ፣ እምቢታም በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ ሊያስገድዱ ይገባል።