«ያለ ምክንያት» የሚለው ምርጫ

ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቹ በ1982 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ባልቲሞር ውስጥ በዘጠኝ ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ልጆቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ነበሩ፤ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ትንሹ 2 ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ ትልቁ 17 አልፎታል።

ያደረጉት ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ልጁን 15 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ በተለያየ ሁኔታ ውስጥ እያስቀመጡ ራሱን ስንት ጊዜ እንደሚመታ መዘገቡ። በአንዱ ሁኔታ አዋቂው ዝም ብሎ ይቀመጥና ልጁ ራሱን ሲመታ ብቻ «ተው፣ ትጎዳለህ» ይለዋል። በሌላው የሚከብድ ትምህርት ይሰጡትና ራሱን ሲመታ ፋታ ያገኛል። በሌላው ብቻውን ይተዉታል። በመጨረሻው ደግሞ ምንም ሳይጠየቅ ይጫወታል። ከዘጠኙ በስድስቱ ላይ ድርጊቱ በአንድ የተወሰነ ሁኔታ ጎልቶ ታየ፤ ሁኔታው ግን ለሁሉም አንድ አልነበረም። ለአንዱ ከትምህርቱ ማምለጫ ነው፣ ሌላው ብቻውን ሲሆን ይብስበታል።

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ፕሮግራሙ ሲበላሽ አንሰድበውም (እሺ፣ አንዳንዴ እንሰድበዋለን)፤ በምን ሁኔታ ውስጥ እንደሚደገም ነው የምንፈልገው።

ከዚያ በፊት ዋናው ጥያቄ «እንዴት እናስቁመው?» ነበር። በ1965 ላይፍ መጽሔት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የኢቫር ሎቫስን ሥራ በፎቶ አወጣ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ይጮህባቸዋል፣ በጥፊ ይመታሉ፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራሉ። ጭካኔ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ሎቫስ ብዙ ሰው ተስፋ በቆረጠባቸው ልጆች ላይ «መማር ይችላሉ» ብሎ የተነሳ ሰው ነው፤ ቅጣቱም ቢያንስ ለጊዜው ይሠራ ነበር። ችግሩም እሱው ነው። አንድ ነገር ሲሠራ «ለምን?» የሚል ሰው ይጠፋል። በኛስ ቋንቋ ቢሆን ጨዋው ልጅ «የተቀጣ»፣ ባለጌው «ያልተቀጣ» አይደል? ቅጣትንና አስተዳደግን በአንድ ቃል የምንጠራ ሰዎች ፈረንጁ ላይ ብቻ ለመፍረድ አፋችንን የምንሞላ አይመስለኝም።

በ1985 ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ ከአራት ልጆች ጋር የሠሩት ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ገጽ ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ይረብሻሉ፤ አንዱ ሥራ ሲከብደው፣ ሌላው የሚያየው ሲያጣ። ተመራማሪዎቹ በቅጣት ፋንታ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማሯቸው። ሥራ ለሚከብደው «አልገባኝም»፣ ትኩረት ለሚፈልገው «ጥሩ እየሠራሁ ነው?»። ረብሻው በጣም ቀነሰ። ከልጁ ምክንያት ጋር የማይገናኘውን ዓረፍተ ነገር ሲያስተምሩት ግን ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ ልጁን ዝም ብሎ ማናገሩ አልነበረም የረዳው፤ በረብሻ ሲጠይቅ የኖረውን ነገር በቃል እንዲጠይቅ መቻሉ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በ1997 አሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጓን ስታሻሽል ሕጉ ውስጥ ገባ። ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጀጅ ሮተንበርግ ሴንተር የሚባል ተቋም ነዋሪዎቹን በኤሌክትሪክ መቅጣቱን ቀጥሎ ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 መሣሪያውን ከለከለ፤ በ2021 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው፤ በ2022 ደግሞ ኮንግረስ ባለሥልጣኑ መከልከል እንዲችል ሕጉን አሻሻለ። እንግሊዝም ውስጥ በ2011 ቢቢሲ በድብቅ ካሜራ ዊንተርቦርን ቪው በሚባል ሆስፒታል ሠራተኞች የአእምሮ ውስንነት ያለባቸውን ታካሚዎች ሲደበድቡና ሲያዋርዱ አሳየ። 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው።

እኔን ወደዚህ ንባብ ያስገባኝ ግን ፎርም ነው። አክስቴ ሜሪላንድ ውስጥ ግሩፕ ሆም በሚሉት የእንክብካቤ ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ እዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይሄ አፕ እምቢ አለኝ» ብላ ደወለችና ፎርሙን በቪዲዮ አሳየችኝ። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አደረገ?» ብሎ ነው፦ መታ፣ ነከሰ፣ ሰበረ፣ እምቢ አለ። «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» የሚለው መጨረሻ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያው ምርጫ ደግሞ «ያለ ምክንያት»።

እኔ ፎርም እሠራለሁ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የደከመው ሰው የትኛውን እንደሚነካ አውቃለሁ። ያ ንክኪ ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት ላይ ይወጣል፦ ሰውየው 14 ጊዜ መታ፣ 12ቱ ያለ ምክንያት። ለስብሰባው የሚቀርበው እሱ ነው፤ መድኃኒት ይጨመር አይጨመር የሚባለውም እሱን አይቶ ነው።

አክስቴ ስለ ኢዋታ ሰምታ አታውቅም። «ያለ ምክንያትማ አይደለም፣ እኔ እዚያው ነበርኩ» አለች። ሌላ ምርጫ ፈልጋ አጣች። ከታች «ተጨማሪ» የሚል ትንሽ ሳጥን አገኘንና እያነበበችልኝ ጻፈችበት፦ አዲስ ሠራተኛ ገባ። ሰላም ሳይለው፣ በልቶ ሳይጨርስ ሳህኑን አነሳበት።