«መምህር፣ ምን ላንብብ?» ለምትሉኝ

ክረምት ሲገባ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። የምትጠብቁት የአሥር መጻሕፍት ስም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስም መደርደሩም አይከብድም። ግን ስንቱ ተማሪ «ይህን ያላነበበ አነበብኩ አይበል» የተባለለትን ወፍራም መጽሐፍ ተውሶ፣ 20ኛ ገጽ ላይ አቁሞ፣ «ማንበብ የኔ ነገር አይደለም» ብሎ ቀርቷል! ስለዚህ ከዝርዝሩ በፊት በአገራችን ሰው እንዴት አንባቢ እንደሆነ ትንሽ ላውጋችሁ። የታሪክ መምህር ነኝና ቻሉኝ።

ከአስቴር ጋኖ እንጀምር። በልጅነቷ ባርነት ውስጥ የገባች የኦሮሞ ልጅ ናት። በ1886 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕርን ሊያሻግራት የነበረው ጀልባ በጣሊያኖች ተያዘና ነጻ ወጣች። ያኔ ዕድሜዋ ከእናንተ ዕድሜ ብዙ አይርቅም። ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረች። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ተሸጠው የነበሩ ሰው ናቸው። አስቴር ቃላት በመሰብሰብ አገዘቻቸው። ከዚያም የምታስታውሰውን ተረት፣ ዘፈንና ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ወደ 500 የሚሆን፣ በጽሑፍ አሰፈረች። ከዚህ የተወሰነው በ1894 እ.ኤ.አ. እምኩሉ ላይ በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

እስቲ አስቡት። ያን መጽሐፍ ለሚከፍት ልጅ ፊደሉ አዲስ ነው፤ ተረቱን ግን እናቱ ጉያ ሆኖ ሰምቶታል። ዓይኑ ሲደናቀፍ ጆሮው ይመራዋል።

በእኛም አካባቢ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የወሎ ሊቃውንት አገርኛውን ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ዓጀም የምንለው ነው። ከአርጎባ የወጡት ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በአማርኛ ዓጀም ከጻፉት ውስጥ ናቸው። መንዙማው በወረቀት ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ልብ የገባው ግን በዜማ ነው።

መጽሐፍ ጠቋሚም ነበረን። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው መለሱት። ትልቅ ሥራ ነው። ዝርዝር ግን ምን ምን እንዳለ ይነግራል እንጂ የትኛው ለአንተ እንደሚስማማ አይነግርህም። እሳቸው ራሳቸው ወጣቱን ለማነጋገር በፈለጉ ጊዜ ልቦለድ ጻፉ። «አዲስ ዓለም» ውስጥ ከተጉለት ተነስቶ ፓሪስ የተማረ ወጣት አገሩ ተመልሶ በተዝካርና በሠርግ ድግስ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ድግስ ስንት እንደሚፈጅ ለሰንበቴ ልጅ ማን ያስረዳዋል? ቤቱ ያየው ነገር ነው።

ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤት አወቃቸው። መጽሐፉን የሚከፍተው ሰው ድምፁን ጆሮው ውስጥ ይዞ ነበር የሚገባው።

አሁን ወደ እኛ ጣጣ ልምጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ያስተማረው በግዕዝ ፊደል ነው። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ወደ ቁቤ ዞረ። ስለዚህ በዘመቻው የተማረ አያት በግዕዝ ፊደል ያነባል፤ የልጅ ልጁ በቁቤ። አንድ ቤት፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል! ልጁ እሁድ ገበያ ሲወጣ አማርኛም አፋርኛም ይሰማል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል።

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ በሦስት ቋንቋ ተፈትኖ፣ በአንዱም ቢሆን ደስ ብሎት አንድ መጽሐፍ ሳይጨርስ 12ኛን የሚጨርስ ልጅ። እንዲህ ያለው ልጅ ፈተናው ሲያልፍ ደብተሩን ይጥላል፤ ንባብም አብሮ ይጣላል።

እንግዲህ ምን ላንብብ ለምትሉኝ መልሴ ይኸው።

አንደኛ፣ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ሰው ሲያወራችሁ ከተሰማችሁ ውሰዱት። ካልተሰማችሁ መልሱት፤ ነውር የለውም እኮ። መጽሐፍ አይቀየምም፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛ፣ ቤታችሁ በምትስቁበት ቋንቋ ጀምሩ። ኦሮምኛ ከሆነ በቁቤ ከታተሙት ቀደምት ልቦለዶች አንዱ የዳባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ» ነው፤ ጠባሳ ማለት ነው። አማርኛ ከሆነ ከቀጫጭኖቹ ጀምሩ። «አዲስ ዓለም» አማርኛው የድሮ ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። አንድ መጽሐፍ መጨረስ ሁለተኛውን ያስጀምራል።

ሦስተኛ፣ ወፍራሙን በጆሮ ጀምሩት። የወጋየሁ ትረካ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ይገኛል። ሁለት ሦስት ክፍል ስሙና ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ።

አራተኛ፣ ለዕውቀት የምታነቡት ከራሳችሁ ጥያቄ ይነሳ። ገበያችን ላይ ጨው አይታችሁ «ይሄ አሞሌ እንዴት ነው ድሮ ገንዘብ የነበረው?» ካላችሁ፣ የታሪክ መጽሐፍ ስትይዙ ማውጫውን ገልጣችሁ ስለ ንግድ የሚያወራውን ምዕራፍ ብቻ አንብቡ። ከገጽ 1 ጀምር ያላችሁ የለም።

በመጨረሻ፣ ቁቤ የማያነቡ አያት ካሏችሁ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «አይ ልጄ፣ ይሄ ተረት እንዲህ አይደለም የሚነገረው» ብለው ካቋረጧችሁ ጥሩ መጽሐፍ መርጣችኋል ማለት ነው። የሳቸውንም ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። አስቴር ጋኖም የጻፈችው ከልጅነቷ የሰማችውን ነበር።