ጠብን ማን ያመጣዋል? የሃያ ሁለት ልጆች ካምፕ ታሪክ



ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነቶች ነው። ዛሬ ግን ጦርነቶቹን ትተን፣ ሰው በሰው ላይ እጁን እንዲያነሳ የሚያደርገው ምን እንደሆነ የሳይኮሎጂ ሊቃውንት ላለፉት መቶ ዓመታት ገደማ ሲከራከሩበት የቆዩትን ነገር ለማቅረብ አስበናል። ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦኖው ጋ በአንድ ጀሪካን የተነሳ ጭቅጭቅ ማታ ላይ የሁለት ወገን ጠብ ሆኖ ሲያድር ሁላችንም አይተናል። በማግስቱ የሚሰማው ንግግርም ያው ነው፤ «እነሱ እኮ ሲፈጠሩም ጠብ ያለሽ በዳቦ ናቸው» ይባላል። ልጆቹ ይህን ከቤት ሰምተው ክፍል ይዘውት ይመጣሉ። እውነት ሲፈጠሩ ነው ወይ?

ጥያቄውን ከኛ በፊት ትልልቅ ሰዎች ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1932 አልበርት አይንስታይን በመንግሥታት ማኅበር ሥር በነበረ ተቋም አማካይነት (ያው ጃንሆይ በ1936 ጄኔቭ ሄደው አቤት ያሉበት ማኅበር ነው) ለሲግመንድ ፍሮይድ ደብዳቤ ጻፈ። የሰውን ልጅ ከጦርነት ማዳን የሚቻልበት መንገድ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ፍሮይድም ሲመልስ በሰው ውስጥ ሁለት ግፊቶች እንዳሉ፣ አንዱ የሚያፋቅርና የሚያስተሳስር፣ ሌላው የሚያፈርስና የሚገድል እንደሆነ፣ አፍራሹንም ጨርሶ ማጥፋት እንደማይቻል ገለጸ። ሆኖም ሰውን ከሰው በስሜት የሚያስተሳስር ነገር ሁሉ በጦርነት ላይ ይሠራል ብሎ ጨመረበት። ደብዳቤዎቹ በ1933 ታተሙ። በዚያው ዓመት ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ አይንስታይንም ከወጣበት ወደ ጀርመን አልተመለሰም። ፍሮይድ በ1938፣ በ82 ዓመቱ፣ ከቪየና ወደ ለንደን ተሰደደና በዓመቱ እዚያው ሞተ። ቪየና የቀሩት አራት እህቶቹ በናዚዎች እጅ አልቀዋል። ስለ ጠብ ምንጭ የተጻጻፉት ሁለቱም ሰዎች በሰው አገር መሞታቸው ለኛ ለአንባቢዎቹ ቀላል ነገር አይደለም።

«በደም ውስጥ ነው» የሚለው ሐሳብ ከዚያም በኋላ አልቆመም። ኦስትሪያዊው የእንስሳት አጥኚ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1963 ባወጣው መጽሐፍ ዓሦችንና ወፎችን እየጠቀሰ ጠበኝነት በተፈጥሮ የተሰጠ ግፊት ነው አለ። መጽሐፉ ብዙ ተነበበ። ብዙዎች ግን ተቃወሙት፤ በ1986 በስፔን ሴቪል ከተማ የተሰበሰቡ 20 ሊቃውንት ጦርነት ከተፈጥሯችን የወረስነው ነገር ነው ማለት በሳይንስ ትክክል አይደለም የሚል መግለጫ አወጡ፣ ዩኔስኮም በ1989 ተቀበለው። እኛ እንደሚመስለን ንዴት የተፈጥሮ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የሚናደድ ሁሉ ግን ድንጋይ አያነሳም። ደሙ ያው ከሆነ፣ አንዱ ሰፈር ሰላም አድሮ ሌላው የሚቃጠለው ለምንድን ነው?

በ1939 አምስት የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሌላ መልስ ሰጡ። ሰው የሚፈልገው ነገር ሲሰናከልበት ነው ጠበኛ የሚሆነው፤ ከጠብ በስተጀርባ ሁልጊዜ መሰናከል አለ አሉ። ይህን የሰማ ስደተኛ «እሰይ፣ የኛን ጻፉልን» ማለቱ አይቀርም። ራሽን ይዘገያል፣ ፎርም ተሞልቶ መልስ ይጠፋል፣ ስም ከዝርዝር ይወጣል። ግን ደግሞ የተሰናከለ ሁሉ የሚማታ ቢሆን ኖሮ በካምፓችን ጥርስ ያለው ሰው ባልተገኘ ነበር። ራሳቸው ምሁራኑም ይህን አላጡትም፤ ከአምስቱ አንዱ ኒል ሚለር በ1941 ሐሳቡን አስተካክሎ መሰናከል ብዙ ዓይነት ውጤት እንዳለው፣ ጠብም ከነዚያ አንዱ ብቻ መሆኑን ጻፈ። ጠቡን ከሌላው መንገድ የሚያስመርጠው ምንድን ነው የሚለው ግን እንዳለ ቀረ።

ለመምህራን የሚጠቅም አንድ ፍንጭ በ1961 አልበርት ባንዱራ አመጣ። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን ወስዶ ከፊሎቹ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ እንዲያዩ አደረገ። ያዩት ልጆች ተራቸው ሲደርስ ያንኑ አመታትና ያንኑ ቃል እየደገሙ አሻንጉሊቱን ደበደቡት። ማንም አድርጉ አላላቸውም። ዱላ ይዞ «አትደባደቡ!» የሚል መምህር በዚያች ሰዓት የትኛውን ትምህርት እየሰጠ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን እንምጣ። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1906 በኢዝሚር አቅራቢያ በምትገኝ ኦደሚሽ በምትባል የቱርክ ከተማ ተወለደ። በ1919 የግሪክ ጦር ኢዝሚር ሲገባ ገና ልጅ ነበር፤ ሰው ሲገደል በዓይኑ አየ። በኋላ አሜሪካ ሄዶ ሳይኮሎጂ ተማረ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ አስተማረ፤ ናዚዎችን በመቃወሙ በ1944 ታሰረና ሲፈታ፣ በ1945፣ እንደገና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ለመኖር ወደ ቱርክ አልተመለሰም። ሕይወቱን በሙሉ ሲያባርረው የኖረው ጥያቄ ደጋግ ጎረቤቶች በአንድ ጀምበር ጠላት የሚሆኑት እንዴት ነው የሚለው ነበር።

በ1954 የትምህርት እረፍት ወቅት ሸሪፍና ባልደረቦቹ በኦክላሆማ፣ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ፓርክ፣ ለ22 ወንዶች ልጆች ካምፕ አዘጋጁ። ልጆቹ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ ነው፣ ሁሉም ነጮች፣ ፕሮቴስታንቶች፣ ኑሯቸው ደህና የሆነ፣ በትምህርታቸውም በጠባያቸውም እንከን የሌለባቸው። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተመረጡት፤ በኋላ ጠብ ቢነሳ «ዘራቸው ነው፣ ድህነታቸው ነው» እንዳይባል ለማለት ነው። ልጆቹ ጥናት መሆኑን አያውቁም። ሸሪፍ ራሱ የካምፑ ተላላኪ መስሎ ይዞር ነበር።

በሁለት ቡድን ተከፍለው መጡ፤ መጀመሪያ አንዱ ቡድን የሌላውን መኖር እንኳ አያውቅም። አብረው አበሰሉ፣ ዋኙ፣ ለራሳቸው ስም አወጡ፤ አንዱ ቡድን «ንስሮች» ሲባል ሌላው በእባብ ስም ተጠራ። ከዚያ ተገናኙና ውድድር ተከፈተ። ቤዝቦል አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ። ሽልማቱ ለአሸናፊው ቡድን ብቻ ነው፤ ዋንጫ፣ ሜዳልያና ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ሴንጢ። (ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሴንጢ መሸለም የማን ብልሃት ይሆን?) ጥቂት ቀን አልፈጀም። ስድብ ተጀመረ፤ ንስሮቹ በገመድ ጉተታ ሲሸነፉ የእባቦቹን ባንዲራ አቃጠሉ፣ በማግስቱ የራሳቸው ተቃጠለ። ማታ ማታ አንዱ የአንዱን ማደሪያ እየወረረ አልጋ ይገለብጣል። ካልሲ ውስጥ ድንጋይ ሞልቶ ተዘጋጅቶ መጠበቅም መጣ። የአንድ አገር፣ የአንድ ሃይማኖት፣ የአንድ ቀለም ልጆች ናቸው እኮ!

ቀጥሎ ያለው ለኛ ከሁሉም የበለጠ ጥቅም ያለው ክፍል ነው። አጥኚዎቹ መጀመሪያ ልጆቹን አንድ ላይ አቀላቀሏቸው፤ አብረው በሉ፣ አብረው ፊልም አዩ። ምንም አልረዳም፤ በምግብ ተወራወሩ። አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ «ተዋደዱ» ማለት የትም እንደማያደርስ የሰላም ወርክሾፕ የተካፈለ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ግን የካምፑ ውሃ «ተቋረጠ»። አጥኚዎቹ ናቸው ያቋረጡት፣ ልጆቹ ግን አያውቁም። ሁለቱም ቡድኖች ጠምቷቸው መስመሩን ተከትለው እስከ ጋኑ ወጡና የተዘጋውን ቧንቧ በጋራ ከፈቱ። ማታ ላይ እንደገና ተሰዳደቡ፤ አንድ ሥራ ብቻውን አልበቃም። ሌላ ቀን ለፊልም መከራያ ገንዘብ አዋጡ። ሌላ ቀን ደግሞ ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ አለ። ልጆቹ ገመድ አምጥተው አስረው ጎተቱት፤ ያ ገመድ በገመድ ጉተታው እርስ በርስ የተጓተቱበት ገመድ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይተው ሲመለሱ በአንድ አውቶቡስ እንሂድ አሉ።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ሳንጨርስ ወጥተን እንጂ፣ ከዚህ በፊት የሆነውን ያኔ በተማርን ነበር። ሸሪፍ በ1953 በኒውዮርክ ግዛት ሚድል ግሮቭ በሚባል ቦታ ተመሳሳይ ካምፕ ሞክሮ ነበር። እዚያ ልጆቹ መጀመሪያ ተቀላቅለው ጓደኛ ከሆኑ በኋላ ነው በሁለት የተከፈሉት። ጠቡ እንቢ አለ። ጂና ፔሪ የተባለች ጸሐፊ በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ እንደገለጸችው፣ ሠራተኞቹ ልብስ እየሰረቁና ባንዲራ እየቆረጡ አንዱ ቡድን በሌላው እንዲያሳብብ ቢጥሩም፣ ልጆቹ ተነጋግረው ነገሩ ከትልልቆቹ መሆኑን ደረሱበት። ጥናቱ ተቋረጠ። በ1954 ቡድኖቹ አስቀድመው እንዳይተዋወቁ የተደረገውም ለዚሁ ነው። ይህ የሸሪፍን ሥራ አጠራጣሪ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ያልተሳካው ካምፕ ከተሳካው ይበልጥ ያስተማረን ይመስለናል። በሁለቱም ዓመታት ልጆቹ ልጆች ናቸው። በ1953 ቀድመው ይተዋወቁ ነበር፤ ትልልቆቹ የነዙትን ነገርም እርስ በርስ ተጠያይቀው አጣሩት።

ትልልቆች ነገር ሲያቀጣጥሉና የሚያጣራ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከዚሁ ከአካባቢያችን ማየት ይቻላል። በሩዋንዳ ከሐምሌ 1993 ጀምሮ ይሰራጭ የነበረው ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ በዘፈንና በቀልድ መሀል ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር፤ በ1994ቱ እልቂት ጊዜም የሚፈለጉ ሰዎችን ስም በአየር ላይ እስከማንበብ ደረሰ። ራዲዮው ብቻውን ያን ሁሉ አደረገ አንልም። ይሁንና በታኅሣሥ 2003 አሩሻ ያስቻለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከራዲዮውና ከአንድ ጋዜጣ ጀርባ በነበሩ ሦስት ሰዎች ላይ ሲፈርድ፣ ገጀራ ያልያዘ ሰውም በቃሉ እንደሚጠየቅ ገልጿል። ከሦስቱ አንዱ የታሪክ መምህር ነበር። ይህን ያነሳነው እኛም መምህራን ስለሆንን ነው።

አንድ ነገር ግን መሸፈን አይገባም። የኦክላሆማ ልጆች ማንም አልሞተባቸውም። እኛ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት መካከል አባቱ ሲገደል ያየ አለ፤ እሱን በገመድና በመኪና ጉተታ ታረቅ ማለት ስድብ ይሆናል። ለሱ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ቢያንስ የሆነበት ነገር እውነት መሆኑን የሚሰማው ሰው። ሸሪፍ የሚጠቅመን ገና ላልተጀመረው ጠብ ነው።

ለምሳሌ በየዓመቱ የምናዘጋጀውን የእግር ኳስ ውድድር እንውሰድ። ቡድኖቹ በብሎክ ናቸው፤ ብሎኮቹ ደግሞ ከሞላ ጎደል በብሔር ናቸው። ዋንጫው አንድ ነው። ከዚህ በላይ ሮበርስ ኬቭን ለመምሰል የቀረን ሴንጢው ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኖቹ በክፍል ተደባልቀው እንዲዋቀሩ፣ ከውድድሩም በፊት ሜዳውን ማስተካከሉና አጥሩን መጠገኑ በድብልቅ ቡድኖቹ እንዲሠራ ለስፖርት ኮሚቴው ሐሳብ አቅርበናል። ኮሚቴው ውስጥ «እንዲያማ ከሆነ ደጋፊ አይመጣም፣ ውድድሩ ይቀዘቅዛል» ያሉ አሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው፣ ደጋፊው የሚመጣው ለወገኑ ነውና። ነገሩ ገና አልተወሰነም። ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም የምትጫወቱት ተማሪዎች፣ በጽሑፍ አድርጋችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በተሰቀለው ሳጥን አስገቡልን።