ሁድሰን፣ ማቲውስ፣ ደንስታል ወይስ ፍራንክሊን? የሆውቶርን አራት ኮከቦች ሲነጻጸሩ

"መሲ ወይስ ሮናልዶ?" የሚለው ክርክር ስንት ጓደኛ እንዳኳረፈ እናውቃለን። ሜልበርን ከተማም እንዲሁ የማያልቅ ክርክር አላት። ክለቡ ሆውቶርን ይባላል። ጨዋታው ደግሞ እኛ ከለመድነው እግር ኳስ የተለየው የአውስትራሊያ ፉትቦል ነው፤ እነሱ ባጭሩ "ፉቲ" ይሉታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከክለቡ የቀድሞ ኮከቦች ምርጡ ማነው?

ሜልበርን ብዙ የሀገራችን ልጆች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ለዚሁ ክለብ የተጫወተው ተከላካይ ቻንግኩዎዝ ጂያዝም ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳናውያን ቤተሰብ የተወለደ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም። በዛሬው ጽሑፋችን አራቱን ትልልቅ ጎል አግቢዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያቸዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው

በአንድ ቡድን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳውም ኳሷም ሞላላ ናቸው። ኳሷን በእጅ መያዝ ይቻላል፣ መወርወር ግን ክልክል ነው፤ ለጓደኛ የምትቀበለው ወይ በእግር ወይ በቡጢ ተመትታ ነው። በሜዳው ሁለት ጫፎች አራት አራት ቋሚዎች ቆመዋል። ኳሷ በእግር ተመትታ በመሃለኞቹ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል ካለፈች "ጎል" ነው፣ 6 ነጥብ ያስገኛል። በጎን ካለፈች 1 ነጥብ ብቻ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በእግር ተመትታ ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘች ኳስን አየር ላይ የቀለበ ተጫዋች "ማርክ" ያዘ ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ መምታት ይችላል። ለዚህ ነው ከጎሉ ፊት የሚቆመው ረጅምና ጠንካራ አጥቂ፣ "ፉል ፎርዋርድ" የሚባለው፣ በአንድ ዓመት ብዙ ጎል ማስቆጠር የሚችለው። አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት 100 ጎል ከደረሰ ስሙ ለዘለዓለም ይነሳል።

ክለቡስ?

ሆውቶርን ትልቁን ሊግ የተቀላቀለው በ1925 ነው። ቅጽል ስሙ "ጭልፊቶቹ"፣ ቀለሙ ቡናማና ወርቃማ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማንሳት 36 ዓመት ጠብቆ በ1961 ተሳካለት። ዛሬ 13 ዋንጫዎች አሉት። ከ13ቱ በ10ሩ፣ ከዚህ በታች ከምናነሳቸው አራት ሰዎች ቢያንስ አንዱ በፍጻሜው ሜዳ ላይ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ለምን እንደማያልቅ ከዚህ ይገባችኋል።

1. ፒተር ሁድሰን፦ የማይስተው

ከታዝማኒያ ደሴት መጥቶ በ1967 ጀመረ። 129 ጨዋታ፣ 727 ጎል። ይህ በአማካይ በጨዋታ 5.64 ነው። በሊጉ ታሪክ ከትልልቆቹ ጎል አግቢዎች እንዲህ ያለ አማካይ ያለው የለም።

በ1968 125፣ በ1969 120፣ በ1970 146፣ በ1971 ደግሞ 150 ጎል አስቆጠረ። 150 የሚለው ቁጥር በ1934 ቦብ ፕራት ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ነው። ሁድሰን ለ1971 ፍጻሜ ሲገባ 147 ላይ ነበር። በፍጻሜው ተመትቶ ተጎዳ፣ እንደዚያም ሆኖ 3 አስቆጠረና ክብረ ወሰኑን ተጋራ። አንድ ቢጨምር ብቻውን ይይዘው ነበር። ሆውቶርን ግን ሴንት ኪልዳን በ7 ነጥብ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ከዚያ መጣ ክፉው ቀን። በ1972 የመጀመሪያ ጨዋታ 8 ጎል ካስቆጠረ በኋላ ጉልበቱ ተበጠሰ። ዓመቱ በዚያው አለቀ። በ1973 ለአንድ ጨዋታ ብቻ ተመልሶ ሜዳው ድረስ በሄሊኮፕተር መጣና ኮሊንግዉድ ላይ 8 አገባ! በ1977 ደግሞ ኑሮውን ታዝማኒያ አድርጎ በየሳምንቱ በአውሮፕላን እየተመላለሰ 110 ጎል አስቆጠረ። ጉልበቱ ባይጎዳ ኖሮ የት ይደርስ ነበር? ማንም አይመልሰውም።

2. ሊ ማቲውስ፦ ሁሉንም የሚሠራው

ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ከጎል ፊት ቆሞ የሚጠብቅ አጥቂ አልነበረም፤ ዋና ሥራው መሃል ሜዳ ገብቶ ኳስ ከሰው እግር ሥር መንጠቅ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከ1969 እስከ 1985 በ332 ጨዋታ 915 ጎል አስቆጠረ።

የክለቡ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት 8 ጊዜ የእሱ ሆኗል። ሽልማቱ ዛሬ የሚጠራው በፒተር ክሪሚንስ ስም ነው፤ በካንሰር ታሞ የ1976 ዋንጫ በተነሳ በቀናት ውስጥ ባረፈው የክለቡ አምበል። ማቲውስ በ1971፣ በ1976፣ በ1978 እና አምበል ሆኖ በ1983 ዋንጫ አንስቷል። ዛሬም የሊጉ ተጫዋቾች ራሳቸው መርጠው ለዓመቱ ኮከባቸው የሚሰጡት ዋንጫ "የሊ ማቲውስ ዋንጫ" ይባላል።

ጉልበቱ ተረት የሚመስል ነው። በ1982 በኤሰንደን ሜዳ ከጎን ቋሚ ጋር ተላትሞ የተሰበረው ቋሚው ነው። "ሌታል ሊ" ይሉታል፣ ገዳዩ ሊ እንደማለት ነው። ግን ይህ ስም ሌላም ፊት አለው። በ1985 የጂሎንጉን ኔቪል ብረንስን ከኳስ ውጭ መትቶ መንጋጋውን ሰበረው። ሊጉ ለ4 ሳምንት የተጫዋችነት ፈቃዱን ነጠቀው፣ ጉዳዩም ፖሊስና ፍርድ ቤት ደረሰ። ስለ ማቲውስ ስናወራ ይህን ዘለን ብናልፍ ልክ አይሆንም።

3. ጄሰን ደንስታል፦ የማይደክመው

የመጣው ፉቲ ብዙም ካልነገሠባት ኩዊንስላንድ ነው። ከ1985 እስከ 1998 በ269 ጨዋታ 1,254 ጎል። በሊጉ ታሪክ ከቶኒ ሎኬት (1,360) እና ከጎርደን ኮቨንትሪ (1,299) ቀጥሎ ሦስተኛ ነው።

በ6 የተለያዩ ዓመታት 100 ጎል አልፏል። በ1988 132፣ በ1989 138፣ በ1992 145። በዚያው በ1992 ሪችመንድ ላይ በአንድ ጨዋታ 17 ጎል አስቆጠረ። አዎ፣ አንድ ሰው፣ 17! በ1986፣ በ1988፣ በ1989 እና በ1991 ዋንጫ አንስቷል። በ1988 ፍጻሜ ሜልበርንን በ96 ነጥብ ሲደመስሱ 7ቱ ጎል የእሱ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ በ1991 ዋንጫ አብሮት ከተጫወቱት አንዱ ፖል ሁድሰን ነው፣ የፒተር ሁድሰን ልጅ።

4. ላንስ ፍራንክሊን፦ ሕዝብ የሚያስነሳው

"ባዲ" በሚለው ስሙ ይታወቃል። ከምዕራብ አውስትራሊያ የመጣ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ፣ ረጅም፣ ፈጣን፣ ግራኝ። ከ2005 እስከ 2013 ለሆውቶርን 182 ጨዋታ አድርጎ 580 ጎል አስቆጥሯል፣ የ2008 እና የ2013 ዋንጫዎችን አንስቷል። በ2012 ኖርዝ ሜልበርን ላይ በአንድ ጨዋታ 13 አግብቷል።

ትልቁ ዓመቱ 2008 ነው፤ 113 ጎል። የካርልተኑ ብሬንደን ፌቮላ በዚያው ዓመት 99 ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ 100 የደረሰ ሰው አላየንም።

በ2013 ዋንጫውን ባነሳ ማግሥት ግን ወደ ሲድኒ ስዋንስ ሄደ። ውሉ የ9 ዓመት፣ ክፍያው ወደ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። በ2022 1,000ኛ ጎሉን ሲያስቆጥር ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው። ጠቅላላ ጎሉ 1,066 ደርሷል። እኛ ግን የምናወዳድረው የሆውቶርን ተጫዋቾችን ስለሆነ የምንቆጥርለት 580ውን ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ጎን ለጎን (ለሆውቶርን ብቻ)

ሁድሰን፦ 129 ጨዋታ፣ 727 ጎል፣ በአማካይ 5.64፣ 1 ዋንጫ፣ የክለቡ ምርጥ 2 ጊዜ

ማቲውስ፦ 332 ጨዋታ፣ 915 ጎል፣ በአማካይ 2.76፣ 4 ዋንጫ፣ የክለቡ ምርጥ 8 ጊዜ

ደንስታል፦ 269 ጨዋታ፣ 1,254 ጎል፣ በአማካይ 4.66፣ 4 ዋንጫ፣ የክለቡ ምርጥ 4 ጊዜ

ፍራንክሊን፦ 182 ጨዋታ፣ 580 ጎል፣ በአማካይ 3.19፣ 2 ዋንጫ፣ የክለቡ ምርጥ 1 ጊዜ

ዘመኑን ሳናይ አንፍረድ

በአማካይ ብቻ ከሄድን ፍራንክሊን ከሁድሰን በብዙ ያንሳል። ግን ዘመኑ አንድ አይደለም። በ1970 ብቻ ሦስት ሰዎች 100 አልፈዋል፦ ሁድሰን 146፣ የኮሊንግዉዱ ማኬና 143፣ የካርልተኑ ጄዛውሌንኮ 115። ያኔ ጨዋታው ኳሷን ቶሎ ወደ ፉል ፎርዋርዱ መላክ ነበር፤ አጥቂና ተከላካይ አንድ ለአንድ ይፋጠጣሉ። በፍራንክሊን ጊዜ ተከላካዮች ተሰብስበው ቦታ ይዘጋሉ፣ አሰልጣኞችም ጎሉን ለብዙ ሰው ማከፋፈል ይመርጣሉ። በ2008 100 ያለፈው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ 113ቱ ከ1970ዎቹ 113 ጋር እኩል ክብደት የለውም፤ ይከብዳል።

ሌላው ወጥመድ፣ ጎል ብዛት ማለት ዋንጫ ማለት አይደለም። በ1977 ሁድሰን 110፣ ማቲውስ 91 አስቆጠሩ። ሁለት ሰዎች፣ 201 ጎል! ዋንጫውን ግን ኖርዝ ሜልበርን ወሰደው። በማግሥቱ ዓመት ሁድሰን ሄዷል፣ ሆውቶርን ዋንጫ አነሳ። በ2014ም ተደገመ፤ ፍራንክሊን በሄደ በዓመቱ ሆውቶርን በፍጻሜው ያገኘው ራሱን ሲድኒን ነበር፣ በ63 ነጥብ አሸነፈው። በ2015ም ደገመ።

1996፦ ክለቡ ሊጠፋ ሲል

ይህን ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። በ1996 ሆውቶርን ገንዘብ ቸግሮት ነበር፣ ከሜልበርን ክለብ ጋር ተዋህዶ "ሜልበርን ሆክስ" እንዲባል ሐሳብ ቀረበ። ቡናማና ወርቃማው ማሊያ ሊቀር ነው ማለት ነው። የሚገርመው፣ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ የነበረው በእነዚሁ በሁለቱ ክለቦች መካከል ነው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ደንስታል 10 ጎል አስቆጠረ፣ የዓመቱን 100ኛ ጎሉንም አገኘ፤ ሆውቶርን በ1 ነጥብ አሸነፈ።

ክለቡን ያዳነው ግን ጎል ብቻ አይደለም። የቀድሞው አምበል ዶን ስኮት ተቃውሞውን መራ፣ የሆውቶርን አባላትም በድምፃቸው ውህደቱን ውድቅ አደረጉ። ያ ድምፅ ባይኖር ኖሮ የ2008ም፣ የ2013ም፣ የ2014ም፣ የ2015ም ዋንጫ ባልኖረ፣ የዛሬው ክርክራችንም ስለ ጠፋ ክለብ በሆነ ነበር።

ታዲያ ማነው?

"ምርጡ ማነው?" ከማለታችን በፊት "በምኑ?" ብለን መጠየቅ አለብን። ሰው የሚጣላው ብዙ ጊዜ በተጫዋቹ ሳይሆን በጥያቄው ነው፤ አንዱ ስለ አማካይ ያወራል፣ ሌላው ስለ ዋንጫ።

ለአንድ ጨዋታ ብቻ ጎል አግባልኝ የምንለው ሰው ከተፈለገ፣ ሁድሰን። ዓመት ከዓመት ሳያሳፍር፣ በፍጻሜም በችግር ቀንም የሚገኘው፣ ደንስታል። ኳስ ሲይዝ ስታዲየሙን በሙሉ ከወንበሩ የሚያስነሳው፣ ፍራንክሊን።

በአጠቃላይ አንድ ስም ጥሩ ካላችሁን ግን የኛ ምርጫ ማቲውስ ነው። ምክንያታችን ቀላል ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ጎል ማግባት ዋና ሥራቸው ነበር፤ ለእሱ ተጨማሪ ሥራው ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ 915 ደርሷል። ከሁድሰን ጋር አንድ ቡድን ውስጥ በነበሩባቸው ዓመታት እንኳ በ1971፣ በ1972 እና በ1977 የክለቡ ምርጥ የተባለው እሱ ነው። የ1985ቱን ጥፋት አንክደውም፣ ታሪኩ ሲጻፍ አብሮ ይጻፋል። በሜዳ ላይ ለክለቡ የሠራው ሲመዘን ግን ከአራቱ ይበልጣል።

እናንተስ? ስም ብቻ አትጻፉልን፤ በምን እንደመዘናችሁትም ጨምሩበት።