የኖርፎክ የባሕር ዳር ከተሞችና መንደሮች

ኖርፎክ በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ፣ እርሻ የበዛበት የገጠር አውራጃ ነው። ዋና ከተማው ኖሪች ሲሆን፣ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በአውራጃው ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሰሜኑና ምሥራቁ በሰሜን ባሕር የተከበበ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ዘ ዎሽ የተባለው ሰፊ ባሕረ ሰላጤ ያዋስነዋል። ከሀንስታንተን ተነሥቶ በስተደቡብ ምሥራቅ እስከ ሆፕተን የሚዘልቀው የዳርቻ የእግር መንገድ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመዝናኛ ከተሞች፣ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች፣ ደለል የዘጋቸው አሮጌ ወደቦችና ባሕር እየቆረሰ የሚወስዳቸው ሰፈሮች ተራ በተራ ይገኛሉ። የሁሉም ታሪክ ከአንድ ነገር ጋር የተሳሰረ ነው፤ ይኸውም ባሕሩ ከአንዱ የወሰደውን አፈር ለሌላው መስጠቱ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የመሬቱ አፈጣጠር

የኖርፎክ ዳርቻ አብዛኛው ክፍል ጠንካራ ዐለት የለውም። ከሼሪንግሃም አንሥቶ እስከ ሄይዝብራ የሚታዩት ገደሎች በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ገፍቶ ያመጣቸው የአሸዋ፣ የጠጠርና የሸክላ ክምሮች ናቸው። እንዲህ ያለውን ገደል የሚያፈርሰው ከታች የሚመታው ሞገድ ብቻ አይደለም፤ የዝናብ ውኃ ከላይ ሰርጎ አፈሩን ያረጥበዋል፣ ያከብደዋል፣ መጨረሻም ይንሸራተታል። ሞገዱ የወደቀውን ጠርጎ በዳርቻው ይነዳዋል። ከሼሪንግሃም በስተምዕራብ የሚሄደው ጠጠር የብሌክኒን ረጅም የጠጠር ምላስ ሠርቷል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው አሸዋ ደግሞ የዊንተርተንን የአሸዋ ክምሮችና የግሬት ያርመዝን ሰፊ ዳርቻ ይመግባል። ስለዚህ አንድ መንደር ገደሉን በግንብ ሲያጥር፣ ከእሱ ወዲያ ያለው መንደር አሸዋ ይጎድልበታል። ዛሬ በአካባቢው ስለ ባሕር መከላከያ የሚነሣው ክርክር ሁሉ ሥሩ ይኸው ነው።

ጥንታዊ አሻራዎች

የሚፈርሰው ገደል የቀበረውን ያወጣል። በግንቦት 2013 ማዕበል በሄይዝብራ ዳርቻ አሸዋውን ጠርጎ ሲያነሣ፣ በጥንታዊ ጭቃ ላይ የቀረ የሰው ዘር የእግር አሻራ ታየ። ዕድሜው ከ850 ሺህ እስከ 950 ሺህ ዓመት ይገመታል፤ በተገኘበት ጊዜም ከአፍሪካ ውጭ ከታወቁት የእግር አሻራዎች ሁሉ የቀደመ ነበር። አጥኚዎች በዝናብ እየተሯሯጡ ፎቶ አነሡት፣ ለኩት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባሕሩ ጨርሶ አጠፋው። በዌስት ራንተን ገደል ደግሞ በ1990 የግዙፍ ማሞት አጥንት ብቅ አለ። በ1995 በተካሄደው ዋና ቁፋሮ አብዛኛው አጽም ወጣ፤ ዕድሜውም 700 ሺህ ዓመት ያህል እንደሆነ ይነገራል።

በሆልም መንደር ዳርቻ በ1998 የታየው ግኝት የሰው እጅ ሥራ ነው። በመሐል ሥሩ ወደ ላይ የተተከለ ትልቅ የኦክ ዛፍ ጉቶ አለ፤ ዙሪያውን 55 የተሰነጠቁ የኦክ ግንዶች ያጥሩታል። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበት ሲጠና፣ ዛፎቹ የተቆረጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2049 እንደሆነ ታወቀ። ባሕሩ እንዳይበላው ተነሥቶ አሁን በኪንግስ ሊን ሙዚየም ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጡትም አሻራቸውን ትተዋል። ሮማውያን በብራንካስተርና በኬስተር ምሽግ ሠርተዋል። ከባሕር ማዶ የመጡት ዴንማርካውያን ሰፋሪዎች ደግሞ ሄምዝቢንና ስክራትቢን በመሳሰሉ ስሞች ይታወሳሉ፤ «ቢ» በቋንቋቸው መንደር ማለት ነው። የቦታዎቹ ስም አጠራርም ከአጻጻፉ ይርቃል። በፊደል «ሃፒስበርግ» ተብሎ የሚነበብ የሚመስለውን መንደር ነዋሪው ሄይዝብራ ይለዋል።

የምዕራቡ ዳርቻ

ሀንስታንተን በምሥራቅ እንግሊዝ ብትሆንም ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ ባሕር ላይ ስትጠልቅ ይታይባታል። ገደሏ በሦስት ቀለም የተነባበረ ነው፤ ከታች ቡናማ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከመሐል ቀይ የጠመኔ ድንጋይ፣ ከላይ ነጭ ጠመኔ። ከተማዋን የመሬቱ ባለቤት ሄንሪ ስታይልማን ለ ስትሬንጅ ከ1846 ጀምሮ ለመዝናኛ ብሎ ቆረቆራት። በ1862 ባቡር ሲገባ ጎብኚ ጎረፈላት። በ1870 የተከፈተው ፒር፣ ማለትም ወደ ባሕሩ የተዘረጋው የመንሸራሸሪያ ድልድይ፣ በ1978 ክረምት በማዕበል ፈርሷል።

የጨው ረግረግ መንደሮች

ከሆልም እስከ ሶልትሃውስ ያለው ዳርቻ ገደል የለውም። ውኃው ሲሞላ የሚጥለቀለቅ፣ ሲሸሽ ጭቃና ጠባብ ቦዮች የሚታዩበት ሰፊ የጨው ረግረግ ነው። በመካከለኛው ዘመን ብሌክኒ፣ ክላይና ዌልስ እህልና ዓሣ የሚጫንባቸው የበለጸጉ ወደቦች ነበሩ። ክላይ ዛሬ ትንሽ መንደር ሆና ሳለ ያላት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የዚያን ዘመን ሀብት ይመሰክራል። ወደቦቹን የዘጋቸው ደለል ነው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባለርስቶች ረግረጉን በአፈር ግድብ አጥረው ግጦሽ ሲያደርጉት፣ ቦዮቹን ጠርጎ የሚያጸዳው የውኃ ጉልበት ቀነሰ።

ዌልስ የተባለችው ከተማ ሙሉ ስሟ «ባሕር አጠገብ ያለች ዌልስ» ማለት ቢሆንም፣ የጀልባ ማቆሚያዋ ከክፍት ባሕሩ አንድ ማይል ያህል ይርቃል። በ1859 የተሠራው ረጅም ግድብ ከተማዋን ከዳርቻው ያገናኛል። በዳርቻው በምሰሶ ላይ የቆሙ ቀለማቸው የተለያየ የእንጨት ጎጆዎች ይታያሉ። ከዚያ በስተምዕራብ ሆልካም አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለው የጥድ ደን አሸዋው በነፋስ ተነሥቶ የእርሻውን መሬት እንዳያለብስ ይከላከላል። ከባሕሩ ትንሽ ገባ ባለችው በርናም ቶርፕ መንደር በ1758 የተወለደው የቄስ ልጅ ሆራሺዮ ኔልሰን፣ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ታዋቂ አዛዥ ሆኗል።

ወደቦቹ የወደቁበት ረግረግ ለአዕዋፍ መኖሪያ ሆኗል። የብሌክኒ የጠጠር ምላስ በ1912 በቅርስ ጥበቃ ማኅበር እጅ ገባ። በ1926 የክላይ ረግረግ ለአዕዋፍ መጠበቂያ ተገዝቶ፣ በእንግሊዝ የመጀመሪያው የአውራጃ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተበት። በክረምት ከአይስላንድና ከግሪንላንድ የሚመጡ ዝይዎች ሰማዩን ይሞሉታል። በብሌክኒም ግራጫ ሲል የተባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ በየክረምቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ግልገሎች ይወልዳል።

ሼሪንግሃምና ክሮመር

ሼሪንግሃምና ክሮመር የገደሉ ዳርቻ ዋና ከተሞች ናቸው። አሮጌ ቤቶቻቸው ከዳርቻው በተለቀመ ባልጩት የተገነቡ ናቸው። ወደብ ስለሌላቸው አጥማጆቹ ጀልባቸውን ከጠጠሩ ላይ ገፍተው ወደ ሞገድ ያስገባሉ፣ ሲመለሱም ጎትተው ያወጣሉ። የክሮመር ሸርጣን በመላው እንግሊዝ ስሙ የታወቀ ነው። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ከባሕር በታች የተዘረጋው የጠመኔ ዐለት ለሸርጣኑ ጥሩ መኖሪያ ሲሆን፣ ከ2016 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የባሕር ክልል ነው።

ክሮመር ራሷ ከባሕር የራቀች መንደር ነበረች። ፊት ለፊቷ ሺፕደን የተባለ መንደር ቆሞ ነበር፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባሕሩ ሲበላው ክሮመር የባሕር ዳር ሆነች። በ1877 ባቡር ደረሰላት። በ1883 የለንደን ጋዜጠኛው ክሌመንት ስኮት በገደሉ ላይ ፖፒ በተባሉ ቀይ አበቦች የተሸፈነውን ማሳ አይቶ አካባቢውን «ፖፒላንድ» ብሎ ጻፈለት። ጽሑፉ ሀብታሞችንና ደራሲዎችን ስቦ ታላላቅ ሆቴሎች እንዲሠሩ ምክንያት ሆነ። በ1901 የተከፈተው የክሮመር ፒር ዛሬም ቲያትር ያሳያል፤ ጫፉ ላይ የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያ አለ።

የዚህ ጣቢያ ኩራት ሄንሪ ብሎግ ነው። ከ1909 እስከ 1947 የጀልባው አለቃ ሆኖ ሠራ። በ53 ዓመት አገልግሎቱ እሱና ባልደረቦቹ 873 ሰዎች ከሞት አድነዋል፤ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያም ተሸልሟል። ኑሮውን የሚገፋው ሸርጣን እያጠመደ ነበር።

ከሄይዝብራ እስከ ኬስተር

ከክሮመር ወዲያ መንደሮቹ ያንሳሉ፣ ገደሉም እየዘቀጠ ይሄዳል። ከሄይዝብራ ፊት ለፊት ያለው የአሸዋ ደፍ ለመርከበኛ አደገኛ ነው። በመጋቢት 1801 የጦር መርከቧ ኢንቪንሲብል እዚያ ተሰንጥቃ 400 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በጅምላ ተቀበሩ። በ1790 የተሠራው ባለ ቀይና ነጭ መቀነት የመብራት ማማ ሊዘጋ ሲል፣ ነዋሪዎቹ ተሟግተው በ1990 በፓርላማ ሕግ ተረከቡት። እስከ ዛሬ የሚበራው በእነሱ መዋጮና ጉልበት ነው።

ዊንተርተን በመርከብ ስብርባሪ ትታወቅ ነበር። ደራሲው ዳንኤል ዲፎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለፈበት ጊዜ፣ ጎተራው፣ በረቱና አጥሩ ከተሰበሩ መርከቦች እንጨት የተሠራ መሆኑን አስተውሎ ጽፏል። በኬስተር ደግሞ በኅዳር 1901 ነፍስ ለማዳን የወጣችው ጀልባ ተገልብጣ ዘጠኝ አዳኞች ሞተዋል። በዌልስም በ1880 ከ13 አዳኞች 11ዱ በአንድ ቀን አልቀዋል። በእነዚህ መንደሮች አዳኞቹ በክፍያ የሚኖሩ ወታደሮች ሳይሆኑ፣ በዚያው ዳርቻ ያደጉ አጥማጆች ነበሩ፤ ለዚህ ነበር አንድ አደጋ የመንደሩን ግማሽ ቤት የሚያስለቅሰው።

ግሬት ያርመዝ

ግሬት ያርመዝ የዳርቻው ትልቋ ከተማ ናት። የቆመችው በባሕሩና በያር ወንዝ መካከል ሞገድ በከመረው የአሸዋ ምላስ ላይ ነው። በ1208 ከንጉሥ ጆን የከተማነት መብት አገኘች። መሬቱ ጠባብ ስለነበር ቤቶቿ ተጠጋግተው ተሠሩ፤ በመካከላቸውም 145 ጠባብ መተላለፊያዎች ነበሩ። የመተላለፊያዎቹ ብዙ ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሷል። ከዚያም በፊት በጥር 1915 ዜፕሊን የተባለው የጀርመን አየር መርከብ በጣለው ቦምብ ሁለት ሰዎች ሞተውባት ነበር፤ በብሪታንያ ከአየር በተጣለ ቦምብ ሰው ሲሞት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያርመዝን ያቆማት ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ነበር። በመከር ወራት መንጋው ወደ ደቡብ ሲወርድ አጥማጆች ተከትለውት ይመጡ ነበር። ከስኮትላንድ የመጡ ሴቶችም በባቡር ደርሰው፣ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከንጋት እስከ ምሽት ዓሣውን ይዘረግፉና በጨው በርሜል ይደረድሩ ነበር። ሥራው በ1913 ጣሪያ ነካ። ከዚያ ጦርነት ገበያውን ዘጋ፤ ከልክ ያለፈ አጠማመድም መንጋውን ስላመናመነው በ1960ዎቹ ሥራው አበቃ። በዚያው አሥር ዓመት በሰሜን ባሕር ጋዝ ተገኘና ወደቧ የጋዝ ኩባንያዎች መነሻ ሆነች፤ ባክተን መንደር አጠገብም ጋዙ ወደ የብስ የሚገባበት ጣቢያ ተሠራ። በ2004 ደግሞ ከዳርቻዋ ፊት ለፊት 30 የነፋስ ተርባይኖች ቆሙ። ከተማዋ በበጋ ጎብኚዎቿን በሁለት ፒሮችና በ1903 በተከፈተው የሰርከስ ቤት ትቀበላለች።

ጎርፍና መሸርሸር

በጥር 31 ቀን 1953 ሌሊት ብርቱ ነፋስ ከባሕር ሙላት ጋር ገጥሞ ውኃው ግድቡን ሰበረ። በእንግሊዝ 307 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ መካከል 100 ያህሉ በኖርፎክ የነበሩ ናቸው። በሀንስታንተን መዋኘት የማያውቀው ወጣት አሜሪካዊ የአየር ኃይል ባልደረባ ሪስ ሌሚንግ፣ የጎማ ጀልባ እየጎተተ ደረት የሚደርስ በረዶ መሰል ውኃ ውስጥ ገብቶ 27 ሰዎች አወጣ። ከአደጋው በኋላ ግድቦች ተጠናከሩ፣ የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ተዘረጋ። በታኅሣሥ 2013 ተመሳሳይ ሙላት ሲመጣ የሞት አደጋው እጅግ ያነሰ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በሄምዝቢ ቤቶች ከነመሠረታቸው ወደ ባሕር ወረዱ፤ በ2023ም ሌሎች ቤቶች ከመውደቃቸው በፊት ፈረሱ።

መከላከያው እንደየቦታው ይለያያል። በሲ ፖሊንግ ከዳርቻው ወጣ ብለው ዘጠኝ የድንጋይ ክምሮች ሞገዱን ያደክማሉ። በባክተንና በዎልኮት በ2019 የጋዝ ጣቢያውንና መንደሮቹን ለመጠበቅ 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ተደፋ። በሄይዝብራ ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የእንጨት መከላከያ አርጅቶ ሲወድቅ፣ ወጪው ከሚጠበቀው ንብረት ይበልጣል ተብሎ አልተተካም። ቤቱን ባሕር ለወሰደበት ሰው የእንግሊዝ ሕግ ካሣ አይሰጥም። ጋዝ ያለበት ዳርቻ አሸዋ ሲያገኝ፣ ጡረተኛ የሚኖርበት ዳርቻ መፍረሱን መጠበቁ በነዋሪዎች ዘንድ ያልሻረ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው።

የዛሬ ኑሮ

ዛሬ የዳርቻው ዋና ገቢ ቱሪዝም ነው። ከሼሪንግሃም ወደ ሆልት የሚሄደው በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይንቀሳቀሳል። በረግረጉ መንደሮች ግን ብዙ ቤቶች የከተማ ሀብታሞች ለዕረፍት ብቻ የሚመጡባቸው ሆነዋል፤ በክረምት መስኮታቸው ይጨልማል፣ የአጥማጁ ልጅም በተወለደበት መንደር ቤት መግዛት ያቅተዋል። ከ2025 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በእንዲህ ያሉ ቤቶች ላይ ግብሩን እጥፍ እንዲያደርጉ ሕግ ፈቅዶላቸዋል። የእነዚህ መንደሮች ሕልውና እንግዲህ በሁለት በኩል ይፈተናል፤ በአንድ በኩል መሬታቸውን የሚቆርሰው ባሕር፣ በሌላ በኩል ነዋሪውን የሚገፋው የቤት ዋጋ።